ሙቀታችንን ለክተው ለሚያሳልፉን ክቡር የጸጥታ ኃላፊ

ለክቡር የከተማችን የጸጥታ ቢሮ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በመስታወት የተከለለው ወንበርዎም ከወረርሽኙ ተጠብቃችሁ እንድትከርሙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ዘንድሮ ሠርጉም ምርቃቱም ስለቀረ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ እየሰፋሁ እኖራለሁ። የምጽፍልዎ ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ሱቆች ይዘጉ ሲባል መቀሱን ጠቅልሎ ቤት ገባ፣ ስልኩን አነሳ፣ እስካሁንም አላስቀመጠውም። ምስጋናዬንና ጥቃቅን ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ስታዲየሙን ከአክራሪዎች ፈንጂ ስለጠበቁልን እናመሰግናለን። ጨዋታ ቀርቶ ሣሩ እስከ ጉልበት ካደገ ወዲህ እንኳ ታጣቂዎችዎ ከበሩ ንቅንቅ አላሉም። አክራሪዎቹ ግን ሰው በሌለበት ቦታ ፈንጂ ማጥመድ ትርፉ ድካም መሆኑ ከእርስዎ ቀድሞ የገባቸው ይመስላል፤ ሰው ሁሉ ወደተከተተበት፣ ወደየሳሎኑ ተዛውረዋል። እኛ ቤት በወንድሜ ስልክ ገብተው ሶፋው ላይ ተደላድለዋል። ፈታሽ የለ፣ መታወቂያ ጠያቂ የለ።

፪. መጀመሪያ ወንድሜን በሽታው የጠላት ወሬ ነው አሉት። ሰፈሩ ውስጥ ሰው መሞት ሲጀምር ያለ አንዳች እፍረት ቃላቸውን ለወጡና የፈጣሪ ቅጣት ነው፣ እኛ ግን እንደርስላችኋለን አሉት። ደረሱም። እናታችን ትኩሳት ይዟት በተኛችበት ሳምንት በራችን ላይ ሳሙናና ዱቄት ያስቀመጡት እነሱ ናቸው፤ የእርስዎ መሥሪያ ቤት በዚያው ሳምንት ርቀታችንን እንድንጠብቅ በድምፅ ማጉያ መክሮናል፣ ውለታዎን አንረሳም። ወንድሜ «እትዬ፣ ከእነሱ በቀር ማን አስታወሰን?» አለኝ። ዱቄቱንም በልተነዋል፤ ርቦን ነበር።

፫. ይህንኑ ላመለክት ቢሮዎ መጣሁ። በውጭው በር፣ በጤና መመሪያው መሠረት፣ መሸፈኛ ያላደረገ ሰው አይገባም፤ በውስጠኛው በር፣ በጸጥታ መመሪያው መሠረት፣ ፊቱን የሸፈነ ሰው አይገባም። ሳወልቅ የውጭው ጥበቃ ጮኸብኝ፣ ሳጠልቅ የውስጡ መለሰኝ፤ በሁለቱ በሮች መካከል ባለችው ግቢ ፀሐይ ስሞቅ ዋልኩ። ጥበቃዎችዎ ጨዋ ልጆች ናቸው። አንደኛው «እህቴ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው፤ ለምን በስልክ አትሞክሪም?» አለኝ። ያጠለቀው መሸፈኛ የእኔው ስፌት ነበር፣ አፍንጫው ላይ በደንብ ተቀምጦለታል። በስልክም ሞከርኩ። ስለ እጅ አስተጣጠብ የተቀዳውን ትምህርት እስከ መጨረሻው በጥሞና ካዳመጥኩ በኋላ መስመሩ ተቋረጠ።

፬. ይህኛው ልመና ነው። ወንድሜ ሻንጣውን አሰናድቷል። ሥራ አገኘሁ ይላል፤ የትና ከእነማን ጋር እንደሆነ ስጠይቀው አንገቱን ይደፋል። ፀጉር አስተካካይ መቀሱን ቤት ጥሎ የሚሄድበት ሥራ ምን እንደሆነ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ይታሰርልኝ አላልኩም። አጠገቡ ተቀምጦ የሚያናግረው፣ ነገሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ይላክልኝ ነው የምለው። ሰው እንዳይገድል እፈራለሁ፣ እንዳይሞትብኝም እፈራለሁ፤ የትኛው አብልጦ እንደሚያስፈራኝ ለራሴም አልተገለጠልኝም።

በመመሪያው መሠረት ርቀቴን ጠብቄ፣ አፌን ሸፍኜ፣ ከሁለቱ በሮችዎ መካከል እጅ እነሣለሁ።

የጥበቃዎችዎ መሸፈኛ ሰፊ

ደብዳቤውን ካጠፍኩት በኋላ የተጨመረ፦ ወንድሜ ዛሬ ጠዋት ሄደ። የተሳፈረበት ታክሲ ሾፌር እንደነገረኝ ከተማው መውጫ ያለው ኬላ ላይ ሰዎችዎ አስቁመውታል፤ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ንክኪ ክልክል ስለሆነ ሻንጣውን አልከፈቱትም። መለኪያውን ግንባሩ ላይ ደግነው ሙቀቱን አዩ፣ ጤነኛ ነህ አሉት፣ መልካም መንገድ ተመኝተውለት አሳለፉት።