«ያድግበታል» ይሉ የነበሩት እናታችን

እናታችን በ1944 ዓ.ም. ከዘበኛ አባታቸውና ልብስ በማጠብ ቤተሰቡን ይደግፉ ከነበሩት እናታቸው፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ በነበረች ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ከስድስት ልጆች የመጨረሻዋ ስለነበሩ በልጅነታቸው አዲስ ልብስ አያውቁም፤ የታላላቆቻቸው ሁሉ እየተጣፈ ወደ እሳቸው ይወርድ ነበር።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ልብስ ስፌት ሠልጥነው፣ በ1961 ዓ.ም. የተማሪዎች የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ድርጅት ተቀጠሩ። የተቀደደ ኮታቸውን ሊያሰፉ ከመጡ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋር የተዋወቁትም እዚያው ነው። ሹፌሩ ኮቱ ከተሰፋ በኋላ ቁልፉን ሆን ብለው እየበጠሱ ይመላለሱ እንደነበር ራሳቸው አምነዋል። በ1966 ዓ.ም. ተጋብተው አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ።

እናታችን ገንዘብ በከንቱ ሲወጣ አይወዱም፤ ረከሰ ተብሎም ተልካሻ ዕቃ አይገዙም። ጨርቅ ሲገዙ ወደ ብርሃን አውጥተው ያዩታል፣ ጣታቸውን አርጥበው ቀለሙን ይፈትሹታል፤ ዋጋ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ነጋዴዎች ከሩቅ ሲያዩአቸው «የዛሬ ትርፌ አለቀለት» እያሉ ይስቁ ነበር። ለልጆቻቸው የሚገዙት ጫማም ሆነ የሚሰፉት ልብስ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ይበልጥ ነበር። «ሰፋው እኮ!» ሲባሉ መልሳቸው «ያድግበታል» ነው። ጠርዙን አጥፈው ይሰፉና በየዓመቱ ይለቁታል። ሰፈሩም «እትዬ ያድግበታል» ብሎ ስም አወጣላቸው፤ እሳቸውም ስሙን ወደውት «አቤት» ይሉ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. የበኩር ልጃቸው በዘጠኝ ዓመቱ ማጅራት ገትር ይዞት በሳምንቱ አረፈ። ለቀብሩ አዲሱን ሙሉ ልብስ ሲያለብሱት እጅጌው ጣቶቹን ዋጠ፤ ጫማው ከፊቱ ጨርቅ ተወትፎበት እንኳ ከእግሩ ወለቀ። እናታችን ልብሱን መልሰው አወለቁና ስፌት መኪናቸው ላይ ተቀመጡ። አጥፈው የተዉትን ትርፍ ጨርቅ ሁሉ በመቀስ ቆረጡት። ጎረቤታቸው «እቴ፣ አሁን ይሄ ምን ይሠራል? ተይው» ብለው እጃቸውን ቢይዙ፣ «አንዴ እንኳ በልኩ ይልበስ» አሉ። ቀና ሳይሉ ሰፍተው ጨረሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ስም የጠራቸው ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ጣት የምታስገባ ትርፍ እንኳ ትተው አያውቁም። ልብሱ በየዓመቱ ይጠባል፣ በየዓመቱ አዲስ ይሰፋል። አንዳንዱ ሰው «ሐዘኑ አባካኝ አደረጋቸው» አለ። ባለቤታቸውም አንድ ቀን «እስቲ ትንሽ ሰፋ አድርጊላቸው» ቢሉ፣ መቀሱን አስቀምጠው ወደ ጓሮ ወጡ፤ ባለቤታቸው ያንን ቃል ዳግም አላነሱም። በመሥሪያ ቤታቸው ለሌላ ሰው ልጆች ሲሰፉ ግን ለጠርዙ ከበፊቱ የበለጠ ጨርቅ ይተዉ ነበር። ኃላፊያቸው «ጨርቁ ባከነ እኮ» ብለው ሲቆጡ፣ «ከደመወዜ ይቆረጥ» አሏቸው።

በ1999 ዓ.ም. በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላ፣ ታናሿ ልጃቸው ትምህርት ቤት ለምትገባው የልጅ ልጃቸው ሰፊ ካፖርት ገዝታ አሳየቻቸው። የሕፃኗን ትከሻ በመዳፋቸው ለክተው፣ «ዛሬ የሚሆናትን ግዢላት፣ ልጄ» ብለው መለሱላት።

እናታችን ባለፉት ሁለት ዓመታት በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተዋል። በመጨረሻዎቹ ቀናት «ልጁ እስካሁን አልመጣም?» እያሉ በሩን ያዩ ነበር። ባለቤታቸው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው «መንገድ ላይ ነው፣ እየመጣ ነው» ይሏቸው ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ንጋት ላይ፣ በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ እንዳለ አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና በእጃቸው የሰፉትን ልብስ ለብሰው ያደጉትን የሰፈር ልጆች ሁሉ ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ልጃቸውንም በሰማይ ደጃፍ ላይ አቁሞ እንዲቀበላቸው ያድርግልን።