የሁለቱ ቡልቡሎች ነገር እና በሐሰት የማልኩት መሐላ

ለተከበሩ የንግድ ምልክት ክርክር ሰሚ ሹም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በጠረጴዛዎ ላይ ለተደረደሩት መዝገቦች ሙሉ ጤና እመኛለሁ። መዝገቦቹ ከስድስት ዓመት በፊት በነበሩበት ቦታ ሳይነቃነቁ በደህና እንዳሉ ባለፈው ወር በዓይኔ ስላየሁ፣ ስለ እነሱ ብዙም አልሰጋም።

ሙስተቂም ሳይፊ እባላለሁ፤ በሜሩት ከተማ፣ በመቀስ ሠሪዎች ሰፈር ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የልብስ ሰፊ መቀስ እሠራለሁ። በመቀሶቻችን ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት የቡልቡል ወፎች ይታተሙ ነበር። ልብስ ሰፊዎች የእኛን ስም አያውቁም፤ ሱቅ ገብተው «ሁለት ቡልቡል ስጠኝ» ነው የሚሉት። ዛሬ ወፎቹ በእርስዎ ውሳኔ የጅምላ ነጋዴው የጃምሼድ ሆነው ጸንተዋል። ስለዚህ ቅሬታዬን እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ጃምሼድ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከእኛ መቀስ ሲገዛ ኖሮ ወፎቹን በስሙ ለማስመዝገብ ባመለከተ ጊዜ፣ መሥሪያ ቤትዎ «ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ» ሲል ለአራት ወር በመጽሔቱ ማሳወቁን በታላቅ ምስጋና ተቀብያለሁ። የሰፈራችን ሰው ብረት ከማጋሉ በፊት በየማለዳው የእናንተን መጽሔት የማንበብ ልማድ ስላላዳበረ ጥፋቱ የራሱ ነው።

ሁለተኛ፤ ምዝገባው እንዲሰረዝልኝ ያቀረብኩት አቤቱታ እስኪሰማ ስድስት ዓመት መፍጀቱ ለጉዳዩ የሰጣችሁትን ክብደት ያሳያል። በነዚህ ዓመታት ጃምሼድ ወረቀት እንኳ በወጉ የማይቆርጥ የፋብሪካ መቀስ በወፎቻችን ሲሸጥ፣ ስድቡ ወደ እኛ ደጃፍ ይመጣ ነበር። አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ መቀሱን ፊቴ ወርውረው፣ «ሙስተቂም፣ ወፎችህ ጥርሳቸው ረግፏል እንዴ?» አሉኝ።

ሦስተኛውን ቅሬታ ቁጥር አልሰጠውም፤ በእሱ ተከሳሹ እኔ ነኝና።

አፓ እያልኩ የምጠራት ራፊያ የምትባል ታላቅ እህት አለችኝ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ሰርቆ የሚያስመዘግብ ሳይመጣ፣ «ወንድሜ፣ ወፎቹን ሄደህ አስመዝግባቸው፤ አገሩ ሁሉ እንደ አባባ የዋህ አይደለም» ብላኝ ነበር። እኔም፣ «አፓ ደግሞ! ሌባ የመቀስ ወፍ ምን ያደርግለታል፣ ጠብሶ ይበላዋል?» ብዬ ሳቅሁባት። ከተሰረቅን በኋላ ነው ጠበቃ ፍለጋ የሮጥኩት።

ጠበቃው ምልክቱን እንዴት እንደምናስመልስ እቅድ ሲያወጣ አሮጌ ደረሰኞች፣ ምስክር የሚሆኑ ልብስ ሰፊዎችና ምልክቱን መጀመሪያ የሠራው ሰው የመሐላ ቃል እንደሚያስፈልጉ ነገረን። ከዚያም «ወፎቹን ማን ሳላቸው?» ሲል ጠየቀ። ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ አጠገቤ ተቀምጠዋል። «እኔ» አልኩት። እሱም ጻፈው፤ እኔም ማልኩበት፤ ፈረምኩበት።

ክቡር ሆይ፣ ወፎቹን የሳለቻቸው አፓ ናት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በግቢያችን የሮማን ዛፍ ላይ የሚያርፉትን አይታ፣ በሞረድና በመርፌ ማኅተሙን ብረት ላይ ቀረጸችው። አባታችን ሥራውን ሲያይ አለቀሰ፤ ነገር ግን «ሴት ልጅ ከብረት ጋር ስትታገል ከተሰማ ማን ያገባታል?» ብሎ እንዳይወራ ከለከለ። ገበያ ላይ ሰው ሲያደንቅ እኔ ፈገግ እያልኩ ዝም አልኩ። ዝምታው ሲከርም «እኔ ነኝ» ወደማለት አደገ። ማኅተም ደግሞ ያልቃል፤ ባለቀ ቁጥር አዲሱን የምትቀርጸው እሷው ነበረች፣ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ፣ አርባ ዓመት ሙሉ።

የችሎቱን ቀን ያስታውሱታል። የጃምሼድ ጠበቃ ባዶ ወረቀት ገፋልኝና «እርስዎ ከሳሏቸው አንድ ጊዜ ይሳሉልን» አለ፤ እርስዎም በደግነት የራስዎን ብዕር ሰጡኝ። አንዱ ወፍ ድንች መሰለ፣ ሌላው ምንቃር ያበቀለ ጫማ። ክፍሉ ሳቀ። እርስዎ ግን አልሳቁም፤ «እድሜ ነው፣ እጅ ይከዳል» አሉ። ከሳቁ ሁሉ ያቃጠለኝ ይህ ርኅራኄ ነው።

አፓ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። እንድናገር እየጠበቀች ዓይን ዓይኔን ተመለከተችኝ፤ እኔ ግን ወለሉን አየሁ። እርስዎም «እናት፣ እርስዎ ደግሞ የማን ነዎት?» ብለው ጠየቋት። «እህቱ ነኝ» አለች። «ውሃ ስጧቸው» አሉ። ስለ ውሃው ከልብ አመሰግናለሁ፤ ቀዝቃዛ ነበር አሉ። በችሎቱ ከተጠየቁት አርባ ጥያቄዎች ለእሷ የደረሳት ያ አንዱ ብቻ ነው።

በአውቶቡስ ስንመለስ ፊቷን ከመስኮቱ ሳትመልስ፣ «ጅራታቸውን አስረዘምክባቸው» አለችኝ። ብትሰድበኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ቤት ስንደርስ ልጆቼን ጠርቼ፣ እሷ ባለችበት፣ እውነቱን ነገርኳቸው። ታላቁ «ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ስትነግረን ነበር?» ብሎ ተነሥቶ ወጣ፤ ሦስት ቀን አላናገረኝም። እውነቱን ነው።

ወፎቹን እንዲመልሱልኝ አልለምንም፤ ቃሉ ሐሰት የሆነ ሰው አቤቱታ መውደቁ አግባብ ነው። የምለምነው በሐሰት የማለ የሚቀጣበትን አንቀጽ ፈልገው እንዲያገኙልኝ ነው፤ አድራሻዬ መዝገቡ ላይ አለ። እስከዚያው አፓ አዲስ ማኅተም ቀርጻለች፦ ሸረሪት። «ስምንቱንም እግር መሳል የሚችል ሌባ ካለ ይውሰደው፣ ደክሞበታል» ብላለች። የማስመዝገቢያ ማመልከቻውንም ባለፈው ሰኞ በራሷ ስም፣ በራሷ እጅ ጽሕፈት አስገብታለች።

በአርባ ዓመት ውስጥ አንድ ወፍ መሳል ያልተማርኩት፣ የፍርድዎ አክባሪና የእህቴ ባለዕዳ፣
ሙስተቂም ሳይፊ፣ ሜሩት

ማስታወሻ፦ በማመልከቻ ቅጻችሁ ላይ «ሥራ» በሚለው ትይዩ፣ ጸሐፊዎ ሳይጠይቃት «የቤት እመቤት» ብሎ ሞልቶላት ነበር። እሷም ሰርዛ «የማኅተም ቀራጭ» ብላ ጽፋለች። ስርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ ተቀባይነት የለውም ብላችሁ እንዳትመልሱት አደራ፤ ስርዙ የእናንተና የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም።