ስም አይታወቅም ያልኩበት ቅጽ

ሰኞ

ሰናይትን ሊያባርራት ነው! እስከ ዓርብ ቁልፍና ዕቃ አስረክባ እንድትወጣ ነግሯታል። ያጋለጥኳት ደግሞ እኔ ነኝ፣ በገዛ ጣቶቼ።

ካልጻፍኩት እፈነዳለሁ። ጋሽ ግርማቸው፣ የላውንድሪያችን ባለቤት (ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ደብተር ላይ ግን ለእሱ አንቱታ የለም)፣ ከወር በፊት «የደንበኛ አስተያየት ሰብስቢልኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰበሰበ ነው» አለኝ። የኢሜይልና የፌስቡክ ሥራው የእኔ ነው። ማስታወቂያ በምንልክበት የኢሜይል ፕሮግራም ቅጽ ሠራሁ። ስድስት ጥያቄ፣ የኮከብ መስጫ፣ መጨረሻ ላይ የፈለጉትን የሚጽፉበት ባዶ ቦታ። ከላይ በደማቁ «ስምዎ አይታወቅም፤ የልብዎን ይጻፉ» አልኩ። እንዴት እንደኮራሁበት!

ሁለት ሳምንት ሙሉ የመጣው መልስ፦ አምስት ኮከብ፣ በርቱ። አምስት ኮከብ፣ እግዜር ይስጥልን። አምስት ኮከብ፣ አሜን። አሜን ለምኑ እንደሆነ እንጃ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ኮከብ መጣ። «ነጩን ከቀለሙ ጋር አቀላቅላችሁ ታጥባላችሁ። ነጠላዬ ቀልቶ መጣ። ለየብቻ ነው የምናጥበው እያላችሁ አትዋሹን» ይላል። የመጀመሪያው እውነተኛ መልስ! ደስ ብሎኝ ሮጬ ወስጄ አሳየሁት።

«ማነው?» አለ።

ስም አይታወቅም ብለናል አልኩት።

«ይቅርታ ልጠይቀው ነው እንጂ ልጣላው ነው እንዴ?»

አመንኩት። ፕሮግራሙ ከእያንዳንዱ መልስ ጎን የላኪውን አድራሻ ይይዛል። ማጥፊያ አለው፤ አልነካሁትም። ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፣ «በኋላ» ብዬ ነው። ከፈትኩለት። የሰናይት አድራሻ! ባንኮኒው ላይ ቆማ ልብስ የምትቀበለው የራሳችን ሰናይት።

ይቅርታ ሊጠይቅ የነበረው ሰውዬ ተነስቶ ባንኮኒውን በጥፊ መታው።

ማክሰኞ

ሰናይት አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደንበኛ የምንመዘግብበት ገጽ ኢሜይል ካልተሞላ አያልፍም፤ ቀይ ምልክት ያወጣል። ቀዩን ምልክት ያደረግኩት እኔ ነኝ። እማማ ዘነበች ግን ኢሜይል ከየት ያምጡ? የሰባ ምናምን ዓመት እናት ናቸው፣ ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው። ሰናይት ወረፋው ሲረዝምባት የራሷን አድራሻ ሞላችላቸው። ባንክም ቀበሌም ስልክ ለሌለው ሽማግሌ የጎረቤት ልጅ ስልክ ይሞላል፤ ታዲያ ጉዳዩ የልጁ ይሆናል? መጠይቁ ስልኳ ላይ ሲደርስ አንብባላቸው ያሉትን ጻፈች። በቃ።

የእኔ ጥፋቶች፦ ቀዩ ምልክት። ማጥፊያውን መተዌ። መክፈቴ። ሦስተኛው እንቅልፍ የሚነሳ ነው።

ሄጄ ለጋሽ ግርማቸው አስረዳሁት። ሳቀ። «እማማ ዘነበች? ስድስት ዓመት ደንበኛዬ ናቸው፣ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ደሞስ ተቀላቅሎ መታጠቡን ደንበኛ ከየት ያውቃል?»

በገዛ አፉ መሰከረ፤ ራሱ ግን አልሰማውም! «ውሃው በፈረቃ ነው፣ አንድ ላይ ክተቱት» ብሎ ያዘዘው ማን ሆነና? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ደንበኛውን አይደፍርም፣ ውሃውን አይችልም፣ ሰናይትን ግን ይችላታል።

ረቡዕ

ምሳ ሰዓት ላይ እማማ ዘነበች ጋ ሄድኩ፤ ከዓለም ባንክ ፌርማታ ጀርባ ያለው ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ደረጃውን ስወጣ ንዴቱም ትንፋሼም አለቀ።

ነጠላውን አሳዩኝ። ጥለቱ አካባቢ ሮዝ ሆኗል። ከዚያ ከመሳቢያ ትንሽ ቋጠሮ አውጥተው ፈቱት፤ ቢጫ የሕፃን ካልሲ፣ አንድ እግር። «ነጠላዬ ውስጥ ተጠቅልሎ መጣ። እኔ ቤት ሕፃን አለ? የለም። ታዲያ ካልሲው በእግሩ መጣ?» አሉኝ። ከየት ያውቃሉ ለሚለው ይኸው መልሱ!

ይምጡና ለጋሽ ግርማቸው ይንገሩት አልኳቸው። አፋቸውን ያዙ። «ፊት ለፊት? ውይ ልጄ፣ እንዴት ብዬ? ባለቤቴ ያረፉ ጊዜ ድንኳን ድረስ መጥቶ ነው እኮ ያስተዛዘነኝ።»

ሰናይት በዚህ ጉዳይ ከሥራ ልትወጣ ነው ስላቸው ግን ካልሲውን መልሰው ቋጥረው «ነገ እመጣለሁ» አሉ። ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ።

ሐሙስ

መጡ። ባይመጡ ይሻል ነበር።

ጋሽ ግርማቸው ብድግ ብሎ እጅ ነሳ፣ ወንበር ሳበ። «እማማ፣ ምነው በእኛ ቅር ተሰኙ?»

«ኧረ በጭራሽ! ቅር ብሎኝ አያውቅም። እንደናንተ ማን አለ? ተባረኩ፣ እደጉ!»

አምስት ኮከብ በአካል! ሰናይት መሬት መሬት አየች። እሱ እኔን አየኝ፣ እንደረታ ሰው። እሳቸው ዓይኔን ሳያዩ ወጡ። የኩላሊት ጠጠር እንደያዘው ሰው ተቁነጠነጥኩ።

ይሉኝታ ነው ይሉኛል። የሰው እንጀራ የሚያስቆርጥ ይሉኝታ ይጥፋ! በእሳቸው ተናደድኩ፣ በእሱ ተናደድኩ፣ ከሁሉ በላይ በዚያ በደማቁ በጻፍኩት ዓረፍተ ነገር።

ቁጭ ብዬ ለደንበኞች በሙሉ የሚሄድ ኢሜይል ጻፍኩ። «ስምዎ አይታወቅም ብለን ነበር። ከፍተን አይተናል። ይቅርታ።» ላክ የሚለው ላይ ጣቴን አሳርፌ ቆየሁ። አልላክሁትም። ከላክሁት እኔም ከሰናይት ጋር ወጪ ነኝ፤ ፈራሁ። እዚህ ከዋሸሁ እውነቱን የት እናገራለሁ?

ዓርብ

ከሰዓት በኋላ ሰናይት ማስረከብ ጀመረች። የበሩ ቁልፍ፣ የካዝናው ቁልፍ፣ የልብስ ቁጥሮች። ጋሽ ግርማቸው እላይዋ ላይ ቆሞ ይቆጥራል። ሁለት ደንበኞች ይጠብቃሉ።

እማማ ዘነበች ገቡ። ፌስታላቸውን ባንኮኒው ላይ አኖሩና «ጋቢዬን እጠቡልኝ» አሉ። ከዚያ ያንን ቋጠሮ አውጥተው ቀስ ብለው ፈቱት። ቢጫውን ካልሲ በመዳፋቸው ዘርግተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

«ይቺ ደግሞ ባለፈው ከነጠላዬ ጋር መጣች። እናቱ እየፈለገች ይሆናል፣ ለባለቤቷ ስጡልኝ።»

እማማ ጋሽ ግርማቸውን አላዩትም፤ የሚያዩት ካልሲውን ነው።

«ሰናይት ያልኳትን ነው የጻፈችው። መልሳም አነበበችልኝ፣ አንድ ቃል አልጨመረችም። በሉ ደህና ዋሉ፣ ተባረኩ።» ወጡ።

አንዷ ደንበኛ ካልሲውን አየች፣ የራሷን ፌስታል አየች፣ ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ጋሽ ግርማቸው ካልሲውን አንስቶ ገለበጠው፣ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ቁልፎቹን ወደ ሰናይት ገፋ አደረገ። «ያዢው፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለ። ይቅርታ የለም። ለእኔ ደግሞ ሲያልፍ «ያንን ቅጽ አጥፊልኝ» አለኝ።

አላጠፋሁም። ቀዩን ምልክት አነሳሁ። አድራሻ የሚይዘውን ዘጋሁ፤ ሦስት ጊዜ በራሴ ስልክ ሞክሬ አረጋገጥኩ። የትናንቱን ኢሜይል አወጣሁና ከሥሩ «ከዛሬ ጀምሮ ግን እኛም ብንፈልግ አናገኝዎትም» ብዬ ጨመርኩ። ላክሁት። እሱ ኢሜይል አይከፍትም፤ ግን አንዱ ይነግረዋል። ሰኞ ምን እንደሚጠብቀኝ አላውቅም።

እማማን በልቤ የረገምኩትን መልሼ ዋጥኩ። አሮጊቷ ከእኔ ቀድመው ደፈሩ፣ ያውም ማንንም ሳያዋርዱ።

ልወጣ ስል አንድ መልስ ገባ። ሁለት ኮከብ። «ሸሚዜ ሁለት ቁልፍ ጎድሎት ነው የመጣው፣ ያልነገራችሁኝ አፍራችሁ እንደሆነ እንጃ።» ለሰናይት ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

«ማነው?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነበር።