የግብዣ ማግስት ሣር

ሰኞ፣ ግንቦት 5 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ ጧት

ውሃ አጠጥቼ ጨረስኩ። ጽጌረዳው ተባይ ይዞታል፤ በሳሙና አጠብኩት። ማዳም ጠራችኝ። ልጇ ታጭታለች፤ ቅዳሜ እዚሁ አትክልቱ ውስጥ ግብዣ አለ። እንደ ቤተ መንግሥቱ ይሁንልኝ ትላለች። ሟቹ ባሏ፣ ከአ.አ. ወደ ቤይሩት ይዞኝ የመጣው ነጋዴ፣ አንድ ጊዜ ጃንሆይ ግብዣ ተጠርቶ ነበር። እስኪሞት እንዴት ያለ ጸጥታ፣ እንዴት ያለ ክብር ሲል ኖረ። ሌላ አያስታውስም። አንተ እዚያ አትክልተኛ ነበርክ፣ ንገረኝ አለች።

አላየሁም አልኳት። እንግዳ ሳይገባ አትክልተኛ ከግንቡ ጀርባ ይወጣል። ደንብ ነው። ሙዚቃውን ብቻ ሰምቻለሁ። ያላየሁትን አልናገርም። ተቆጣች። ትቆጣ።

ላንተ ግን ደብተሬ፣ እውነቱን ልንገርህ። እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ። ያን ሁሉ ዘመን ሣሩን አሳመርኩ፤ ላዩ ላይ ምን እንደሚደረግ ሳላውቅ አረጀሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 7፣ ከቀኑ 11 ሰ.

አሰለፈች መጣች፤ የቤቱ ሠራተኛ፣ የደብረ ታቦር ልጅ። ቤይሩት ከገባች ቤተ ክርስቲያን ረግጣ አታውቅም። እሑድ እንኳ ፈቃድ የላትም። አሁን ማዳም ግብዣው ካማረ እሑድን እሰጥሻለሁ ብላታለች። አባባ፣ የሆነ ነገር ይንገሯት፣ ፈጥረውም ቢሆን ትለኛለች። ልዋሽ ነው? አልኳት። ያኒ፣ ማለቴ ትንሽ አለች። ገሠጽኳት። አልቅሳ ሄደች። 

ሐሙስ፣ ግንቦት 8

ሌሊት መጣልኝ። ግብዣውን አላየሁም፤ ማግስቱን ግን አይቻለሁ። ሣር አይዋሽም። ሁሌም የአንዲት ትንሽ ጫማ ዱካ ነበረች፤ የጃንሆይ እንደሆነች ሁላችን አትክልተኞች እናውቃለን። አንድ ቦታ አትቆምም። ዳር ዳሩን ትሄዳለች፣ እስከ ግንቡ ጥግ፣ ጫማ ያልለመደ ሰፊ እግር እስከቆመበት። እዚያ ትቆማለች።

ይህንኑ ለማዳም ነገርኳት። እንግዳ ወደ እርስዎ አይምጣ፤ እርስዎ ይሂዱ፣ መጨረሻ ዳር እስከቆመው። እሷ ግን ከዛፉ ሥር ትልቅ ወንበር አስቀምጣለች። ሳቀች።

«አሞ፣ አጎቴ፣ እኔ ንጉሥ ነኝ እንዴ?»

«አይደሉም። ስለዚህ መራመዱ አይከብድዎትም።»

ወንበሩን ዞር ብላ አየች። ከዚያ፣ ቅዳሜ ኮት ለብሰህ ከእንግዳው ጋር ቁም፣ በዓይንህ እይ አለችኝ። እኔን! ልቤ እንደ ልጅ ዘለለ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 10፣ ከምሽቱ 1 ሰ.

ኮቱን ለብሼ ነበር። የመጀመሪያው መኪና ቆመ። የግቢው በር ተከፈተ። እግሬ ይዞኝ ከግንቡ ጀርባ ወጣ። ማንም አላዘዘኝም። ልመለስ አልኩ፤ እንግዳ ከገባ በኋላ አትክልተኛ አይገባም። ራሴን በራሴ ከለከልኩ። የዑድ ሙዚቃ ይሰማል። ሳቅ። ከዚያ ድንገት ሁሉም ጸጥ። ምን ሆኖ ነው? አሰለፈች ሰሃን ሰበረች? ደግሞ ዑዱ ቀጠለ። እኔ ሽማግሌው ድንጋይ እያየሁ ቆሜያለሁ።

እሑድ፣ ግንቦት 11፣ ጎህ ሲቀድ

የውሃ ጎማውን ይዤ ወጣሁ። አልከፈትኩትም። መጀመሪያ ማየት አለብኝ።

በትልቁ ወንበር ዙሪያ ሣሩ እንደቆመ ነው። ማዳም አልተቀመጠችም! ቀጭን ተረከዟን አውቀዋለሁ፤ ስንት ጊዜ ሣሬን ወግቶታል። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሄዷል። ከዚያ ጠረጴዛ ወደሌለበት ዞረ። እስከ ጓዳው በር። እዚያ ፊት ለፊቱ የላስቲክ ሸበጥ ዱካ ቆሟል። ብዙ ቆመዋል፤ ሣሩ ተኝቷል።

በሩ ተከፈተ። አሰለፈች፣ ነጠላ ለብሳ። ነገረችኝ፤ ትናንት ማዳም እንግዳው ሁሉ እያየ እሷ ዘንድ ድረስ መጣች። መጠጡን በገዛ እጇ ሰጠቻት። ኸላስ፣ በቃ፣ ነገ ያንቺ ነው አለቻት። ያ ጸጥታ እሱ ነበር።

አባባ፣ መንገዱን ግን አላውቀውም አለች። ነጠላሽን መስቀለኛ አድርጊ አልኳት። በሰርቪስ ታክሲ ቡርጅ ሐሙድ ሰፈር ድረስ፣ ከዚያ የአገራችንን ልጆች ተከትለን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ። እወስዳታለሁ።

የግብዣ ማግስት ሣር በውሃ ሳላስነሣ ውዬ አላውቅም። ዛሬ ጎማውን ሰቀልኩት። እስክንመለስ እንደተኛ ይቆይ።