የአጎቴ አውራ ጣት

የካቲት 29፣ 1967። ማታ።

ከጤ/ጣቢያ ስመለስ ግቢው ጢም ብሏል። አሁንም ለእሷ። ለማርታ! ከመጣች ሳምንቷ፤ ሆይ ሆይታው ገና አልበረደም። አንዷ ግንባሯን ትዳስሳለች፣ ሌላዋ አፍንጫዋን። ወላሂ ሰይድ ራሱ ነው ይላሉ። ሰይድ አጎቴ ነው። ጥልያን አስሮ አገሩ ወሰደው፣ እዚያው ቀረ፣ እዚያው ሞተ። ማርታን ከጥልያን ሴት ወልዷታል። ይኸው ዘንድሮ ከእርዳታ ሰዎች ጋር ነርስ ሆና መካነ ሰላም ገባች።

እኔስ? ጥልያን እዚህ መጥቶ ከሰይድ እህት ወለደኝና ሄደ። ግንባራችን አንድ ነው፣ ደብተሬ። በመስታወት አይቼዋለሁ። የኔን ማን ዳስሶት ያውቃል? እሷ "የሰይድ ልጅ"፣ እኔ "ጥልያኗ"። ቀናሁ። በቃ፣ ቀናሁ!

መጋቢት 2። ከሰዓት።

አያ ይመር አስጠሩኝ። የሰይድና የእናቴ ታላቅ ናቸው፤ ያደግኩት በሳቸው ቤት ነው። ዓርብ ዱዓ ይደረጋል አሉ። ማርታን የጡት ልጃቸው ሊያደርጓት ነው። አውራ ጣታቸውን ማር ይነክራሉ፣ እሷ ትጠባለች፣ በሽማግሌ ፊት ልጅ ትሆናለች። እኔ እንግሊዝኛውን ላስተርጉም። እሺ አያ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ማሩ ያቺ ቅል ናት። ለሰይድ መመለሻ የተቀመጠችው። በክፉው ቀን እንኳ አልተከፈተችም። እናቴ አፏ ደርቆ፣ ላቀምሳት ብዬ ሳነሳት፣ የወንድሜ ናት አትንኪያት ብላኝ ነው የሞተችው። አሁን ማርታ ልትጠባት!

ሬዲዮው መሬት ለሁሉም ይታደላል ይላል። ዘር የሚያድል መንግሥት ግን አልመጣም።

መጋቢት 5፣ ዓርብ።

ዱዓው አለቀ። አያ ይመር ሰባት ቤት ቆጠሩላት፤ ሰይድ፣ እንድሪስ፣ አሊ... እሷ እየተከተለች ትላለች። ብቻሽን ድገሚ ስትባል አራተኛው ላይ ጠፋባት። አፌ አመለጠኝ! ጎበና፣ ዋሬ፣ ጅሩ፣ ሊበን። እስከ መጨረሻው ወረድኩት። ልጅ ሳለሁ አያ ይመር ወንዶች ልጆቻቸውን ሲያስጠኑ ከጓዳ ሆኜ የለቀምኩት ነው። እኔን ማንም አላስጠናኝ።

አንዷ ባልቴት፣ "ውይ፣ ጥልያኗም ታውቀዋለች!" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ አቤት ውርደት። አያ ይመር አልሳቁም። ቀናም ብለው አላዩኝ። ጣታቸውን ነከሩ፣ ማርታ ጠባች፣ አለቀሰች። ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነሽ አሏት። ያንን ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። በገዛ አፌ! ለኔ ተብሎ የማያውቀውን።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚሉት ውሸት ነው።

መጋቢት 6። ጧት።

ማርታ በሬን አንኳኳች። ቅሏን ይዛለች። "ከአያ" አለች፤ ከተማረቻቸው ቃላት አንዱ ነው። አያ ይመር የተረፈውን ለሷ ስጫት ብለው ልከዋታል። ተረፈ! እሳቸው እግር የላቸውም?

ደግሞ ይባስ ብላ የራሷን አውራ ጣት ነክራ ወደ አፌ ዘረጋችልኝ። የታናሼን ጣት ልጠባ? መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ እንባዬ። ደግ ናት፣ እሱም ያናድደኛል። አልቀመስኩም። ጣቷን በነጠላዬ ጠረግሁላት፣ ሻይ ሰጠኋት፣ ሄደች።

ቅሏ ፊቴ ናት። ከታች ትንሽ ቀርቷል፤ ለአንድ ጣት ይበቃል። ዛሬ ዘማች ተማሪዎቹ ስለ መሬቱ ስብሰባ ጠርተዋል፤ አገሩ በሙሉ ሜዳው ላይ ነው። አያ ይመርም እዚያው ናቸው። ይዤያት እሄዳለሁ። እጃቸውን ስሜ፣ አውራ ጣታቸውን ይዤ ማሩ ውስጥ እነክረዋለሁ። የእህትዎ ድርሻ ነው እላቸዋለሁ። አይሆንም ካሉ፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት እያዩ ልጄ አይደለሽም ይበሉኝ።