የመኪናው ባለቤት

ዓፊያ፣

ሰርቪሱ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ዛሬ ለሥራ ጾሬ የስደተኞች ካምፕ አድራለሁ። የመኪናውን ቁልፍ ሬዲዮው አጠገብ ትቼልሻለሁ።

መኪናው ዛሬውኑ ከመታጠፊያው ይነሳ። ወንድምሽን ኻሚስን ጥሪውና ግቢ ያስገባልን። ተማሪዎች ሲለቀቁ መኪናውን ዞረው አስፋልቱ መሀል ይወጣሉ፤ የሚታጠፈው ባጃጅ አያያቸውም። ይህን ካወቅሁ ቆይቻለሁ።
ማንሳት አልሆነልኝም።

ግቢው ቁልቁለት ስለሆነ የእጅ ፍሬኑን ይሳብ፣ ጎማው ሥርም ድንጋይ ያድርግ። ባትሪው ደክሟል። አልነሳ ካለ ሰው ጠርታችሁ ግፉት።

ትናንት ትራፊኩ «ባለቤቱ የት ነው?» ሲልሽ «ባለቤት የለም፣ ሞተ» አልሽው። እሱም «ነፍስ ይማር» ብሎ ሳይቀጣ ሄደ።
የጠየቀሽ ስለ መኪናው ባለቤት ነበር። ያ አሁን እኔ ነኝ።
አንቺ የመለስሽለት ስለ እኔ ባለቤት፣ ስለ የሻው ነው።

ማታ ያን ያህል መቆጣት አልነበረብኝም። አልዋሸሽም፤ ለሁለቱም ያለን ቃል አንድ ነው። ግን የየሻው ሞት ከቅጣት ማምለጫ እንዲሆን አልፈልግም። ትራፊኩ ተመልሶ ከመጣ የእኔን ስምና ስልክ ስጪው። ቅጣት ካለ እቀጣለሁ።

ወጥ ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቂው።

ኻሚስ ሲነዳ ወንበሩን ወደፊት እንዳይስበው አደራ። የሻው እንደተወው ነው። ቁመታቸው እኩል ስለሆነ ይመቸዋል።

ጤናዬ