እንግዶቹ «እሺ» ያሉኝ ዕለት

ውድ እህቴ እትዬ ዘዊና፣

በእኔና በአንቺ መካከል የተዘረጋው ባሕር የሚያህል ሰላምታ ከወንድምሽ ከኸልፋን ይድረስሽ። ለመሆኑ እንዴት ሰነበትሽ? ያ የጉልበትሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ ዝናብ ሲመጣ አሁንም ይነሳብሻል? ባለቤትሽ ሐሩንስ እንዴት ናቸው? ሳላቸው ቆመላቸው? ዓይንሽ ይህን ጽሑፍ ካላነበበልሽ ለልጅ ልጅሽ ለነስራ ስጪያት፤ አንድም ቃል ሳትዘል ታንብብልሽ። የምደብቀው ነገር የለኝም።

እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። ስኳሬን በኪኒን ይዤዋለሁ። ልጄ ናስር ሥራው ላይ ነው፤ ሚስቱም ደህና ናት፤ ልጆቹ ቤቱን እያፈረሱት ያድጋሉ። ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር፤ ግን ስልኩን ስታነሺው ቤተሰቡ ሁሉ ከጎንሽ ሆኖ «ጮክ በል አጎቴ!» ይለኛል። እንዲህ ያለ ወሬ እየተጮኸ አይወራም ብዬ ብዕር አነሳሁ።

ባለፈው ደብዳቤሽ «የካፒቴን ኸልፋን ልጅ ማይክሮፎን ይዛ ፈረንጅ እያስከተለች በከተማው ትዞራለች አሉኝ። ውሸት ከሆነ ንገረኝ፤ እውነት ከሆነ አስቁማት» ብለሽኝ ነበር። እውነት ነው። የእኔ ሱረያ አስጎብኚ ሆናለች። ደግሞ ሳልዋሽሽ፣ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ደስ ነበር ያለኝ፤ እኔም ገና ከጅምሩ አልወደድኩትም። እንግዳ ሲመጣ አገር ማሳየት የባለቤቱ ግዴታ ነው፤ ቲኬት ይቆረጥበታል እንዴ? ብዬ ስንት ቀን ጮህኩባት። የአንቺንም ደብዳቤ አነበብኩላት፤ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽና ቃልሽ በቤታችን ክብደት አለው።

ሰምታ ስትጨርስ አልተቆጣችም። «አባ፣ አንድ ቀን ብቻ መጥተህ እይ። ግማሽ ቀን ነው። አይተህ ተይው ካልከኝ እተወዋለሁ፤ ሁለተኛ አላነሳብህም። ግን አፍህን ዘግተህ ነው የምታየው» አለችኝ። የምታስመስል ልጅ እንዳልሆነች ታውቂያለሽ። እንግዲህ ያ የምትወደው ሥራ በእኔ በአንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እኔም ቃሌን አስቀድሜ አዘጋጅቼ ነው የሄድኩት።

ማክሰኞ ጠዋት ነጭ ዲሽዳሻዬን ለብሼ፣ ጥምጥሜን አሳምሬ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከጎብኚዎቹ ጋር ተሰለፍኩ። አሥራ ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ አውቶቡስ ናት። ሾፌሩ ሸፊቅ የሚባል ፓኪስታናዊ ነው፤ ድሮ ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ ሳለ ያውቀኛል። ገና ሲያየኝ «ካፒቴን! አገሩ ጠፋብህ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሱረያ ደግሞ በሩ ላይ ቆማ፣ እንደማታውቀኝ ሆና «እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ፤ እባክዎ ቀበቶዎን ያድርጉ» አለችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በጎታች ጀልባ መርከብ ስጎትት የኖርኩት ሰውዬ እንደ ሕፃን ታስሬ ተቀመጥኩ።

አጠገቤ ከኦስትሪያ የመጡ ሄድቪግ የሚባሉ ሴት ተቀመጡ። በዕድሜ አንቺን ይሆናሉ። ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸውን ይዘው «ወይኔ» የሚሉት ነገር ራሱ ያንቺ ነው። ባላቸውን ቀብረው ብቻቸውን አገር እያዩ እንደሆነ ነገሩኝ። ከፊታችን የተቀመጠው ኮሪያዊ ካሜራውን ከዓይኑ አያወርድም፤ እኔንም አራት ጊዜ አነሳኝ።

መጀመሪያ ታላቁ መስጊድ ወረድን። ፀጉራቸውን ያልሸፈኑ ሴቶች ስለነበሩ ሱረያ ከቦርሳዋ ሻሽ እያወጣች ታከፋፍል ጀመር። አንዱን ሳየው ክው አልኩ። የሙዝና ነው፤ ያ ጠርዙን በእጇ የጠለፈችው ሐምራዊው። ባለቤቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሆናት፤ ልብሷን በሳጥን ከትቼ ከዘጋሁ ወዲህ እጄን አላስገባሁበትም። ልጅቱ ለካ ስትከፍተው ኖራለች። ሻሹን ለሄድቪግ ስታስርላቸው እናቷ እሷን ታስራት እንደነበረው ከግንባር ጀምራ፣ ከአገጭ ሥር አዙራ፣ በትከሻ ጣል አደረገችው። በጣም ተናደድኩ። «የሟች ልብስ ለመንገደኛ?» ልል አፌን ከፈትኩና ቃል መግባቴ ትዝ ሲለኝ መልሼ ዘጋሁት።

ዓሣ ተራ ስንደርስ ግን አልቻልኩም። ሱረያ አንዱን ቱና እያሳየች «ዛሬ ጠዋት የወጣ ነው» ስትል «የትላንት ነው፤ ዓይኑን እዩት!» አልኩ። ሻጩ «አንተ ሰውዬ፣ ካልገዛህ ገበያዬን አትዝጋ! ሽማግሌ ባትሆን ኖሮ በዚሁ ዓሣ ነበር የምልህ» ብሎ ተነሳብኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ጠብ ይሆን ነበር። ሱረያ ሳቅ ብላ ለእንግዶቹ «እኚህ ጌታ ከዓሣዎቹ ጋር አብረው ነው ያደጉት፤ ከእንግዲህ ስለ ዓሣ እሳቸውን ጠይቁ» አለች፤ ወደ ሻጩ ዞራ ደግሞ «አጎቴ፣ አንተ ተዋቸው፤ እቤታቸውም እንዲሁ ናቸው» አለችው። እሱም ሳቀ፣ ሁሉም ሳቀ። ይህን ብልሃት ከማን እንደወረሰችው ታውቂያለሽ፤ ከእኔ አይደለም።

ከዚያ በኋላ በሱቆቹ መካከል አልፈን ወደ ድሮው ሰፈራችን፣ ወደ ሙትራህ መተላለፊያ ታጠፍን። በዚያ እንደምንሄድ አልጠረጠርኩም። ሙዝናን ከቀበርን ወዲህ፣ ናስር ጋ አል ኹድ ከገባሁ በኋላ፣ እዚያ መተላለፊያ እግሬ አልረገጠም። ስለ ቤቱ በጠየቅሽኝ ቁጥር ወሬ እየቀየርኩ ዝም ያልኩሽም ለዚህ ነው። ሱረያ ሰዎቹን የእኛው በር ፊት አቆመቻቸውና ስለ እንጨቱ ቅርጽ፣ ስለ ምስማሮቹ ትነግራቸው ጀመር። ድምፅዋ ከሌላው ቦታ ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ መሰለኝ።

እኔ ደግሞ ሰው በሬ ላይ ቆሞ ዝም ማለት መቼ ለመድኩ! አርባ ዓመት የኖርኩበት ልማድ ነው፤ አፌ እኔን አላስፈቀደኝም። «ግቡ እንጂ! ቤት ያፈራውን ቅመሱ» አልኩ።

ወጉን ታውቂዋለሽ። «ግቡ» ሲባል «ቤትህ ይሙላ፣ እንቸኩላለን» ይባላል። «በአላህ ትገባላችሁ!» ሲባል «ሌላ ቀን» ይባላል። ሦስት ጊዜ ተባብለን ሁሉም ወደየመንገዱ ይሄዳል። በዕድሜዬ በዚህ «ግቡ» የገባ ሰው አላየሁም። እነዚህ ግን ይህን በምን ያውቁታል! ሄድቪግ ጉልበታቸውን እያሹ «እሺ፣ ደስ ይለኛል» አሉ። ኮሪያዊው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታ ጀመር።

ሱረያን አየኋት። አንድ ቃል ከተናገረች ነፃ እወጣ ነበር፤ «ይህ የአገሩ ወግ ነው፣ አመስግነን እንለፍ» ማለት እንግዲህ ሥራዋ ነው። ከንፈሯን ነከሰችና በአረብኛ፣ ቀስ ብላ፣ «አባ፣ እንደፈለግህ» ብቻ አለችኝ። ቁልፉ ከመኪናዬ ቁልፍ ጋር ታስሮ ኪሴ ውስጥ ነበር። እንግዳ «እሺ» ካለኝ በኋላ «የለም፣ ተመለሱ» ማለት ደግሞ አባታችን ከመቃብር የሚነሳበት ነገር ነው። ቁልፉን አውጥቼ ከፈትኩት። በሩ አብጦ ስለነበር በትከሻዬ ገፋሁት።

ቤቱ አቧራ ለብሷል። ሱረያ ሮጣ መስኮቶቹን ከፈተች፤ እኔ ከትራሶቹ ላይ አንሶላውን እየገፈፍኩ ሰዎቹን አስቀመጥኩ። ጎረቤታችን ጉልባኑ መስኮቱ ሲንኳኳ ሰምታ ከማዶ «ማነው ሙዝና ቤት የገባው?» ብላ ጮኸች። አንገቴን ሳወጣ «ካፒቴን! እኛ እኮ ረሳኸን ብለን ማማቱ ሁሉ ሰልችቶን ነበር! ደግሞ ባዶ ቤት እንግዳ ይዘህ? ቆይ፣ አሁን እንዳታዋርደን!» አለችኝ። ብዙም ሳትቆይ ቴምር፣ ሐልዋ፣ የተቆረጠ ሐብሐብና አንድ ፔርሙዝ ቡና በልጆቿ አስይዛ ላከች።

ስኒ ላመጣ ወጥ ቤት ገባሁ። ስኒዎቹ ሙዝና እንዳስቀመጠቻቸው ናቸው፤ በነጭ ጨርቅ ላይ ተደፍተው፣ በረድፍ። እዚያው ቀረሁ እትዬ። እጄን ዘርግቼ ላነሳቸው አቃተኝ። ሱረያ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። «ካልቻልክ ልሸኛቸው?» አለችኝ። «ምንም ሳይቀምሱ?» አልኳት። ከዚያ እሷ እያጠበች እኔ እያደረቅኩ ስኒውን አወጣን።

ሰዎቹ እየቀመሱ ሳለ ሄድቪግ የቤቱ እመቤት የት እንዳሉ ጠየቁ። ሱረያ ማይክሮፎኑንም ማስታወሻዋንም አስቀምጣ መስኮቱ ጋ ሄደች። እንዲህ አለች፦ «እናቴ እዚህ ነበር የምትቀመጠው። አባቴ የመርከብ ጎታች ጀልባ ካፒቴን ነበር። ወደቡ ላይ ስንት ጀልባ ጡሩምባ ይነፋል፤ እናቴ ግን የአባቴን ትለየዋለች። ስትሰማው ሩዙን ትጨምራለች። እሱ ጀልባውን አስሮ፣ ከሰው ጋር አውርቶ፣ ደረጃውን ወጥቶ እስኪመጣ ሩዙ ይደርሳል። እኔን ‹እንዳትነግሪው፤ ዕድሌ ነው ብሎ ያስባል፤ ተይው ደስ ይበለው› ትለኝ ነበር።»

ሠላሳ አንድ ዓመት እትዬ! ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ በር ስገባ «ምን ዓይነት ዕድል ነው፣ ስመጣ ሁልጊዜ ትኩስ!» እላት ነበር፤ እሷም «አላህ ይወድሃላ» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልተናገረችም። በአሥር የማላውቃቸው ሰዎች ፊት አለቀስኩ። ሄድቪግ እጄን ያዙኝ፤ ኮሪያዊው ካሜራውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። እኔም አላፈርኩም።

ሲወጡ ሱረያን በር ላይ ያዝኳትና «ይህን ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ስሟን ሳነሳ ከክፍሉ ትወጣለህ እኮ አባ» አለችኝ። «ናስር ጋም አይነሳም፤ ለማን ልንገር? እዚህ በር ላይ በመጣሁ ቁጥር ስለ እሷ እነግራቸዋለሁ። ዛሬ አንተ ስለነበርክ ነው ስለ እንጨቱ ብቻ ያወራሁት።» ከዚያ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «እሺ፣ ቃልህ ምንድን ነው?» አለችኝ። ያዘጋጀሁት ቃል ከየት ይምጣ! «እንግዶችሽን አታስጠብቂ፤ ሂጂ፣ አሳዪያቸው» አልኳት። አንገቴን አንቃ ሳመችኝና እየሮጠች ደረጃውን ወረደች። ሸፊቅ ከታች ጡሩምባውን እየነፋ «ካፒቴን፣ ቤተ መንግሥቱን ሳታይ ልትቀር ነው?» አለኝ። ቀረሁ።

እንግዲህ መልሴ ይኸው ነው እትዬ። አስቁማት ብለሽኝ ነበር፤ አላስቆማትም። ቤቱን ዘግቼ የእናቷ ስም እንዳይነሳ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ስሟን በየዕለቱ ስታነሳ የኖረችው እሷ ናት። ቅር ካለሽ እኔን ተቆጪ፤ ጆሮዬ ያንቺን ቁጣ ከልጅነቱ ለምዶታል። ለእሷ ግን የምርቃት ቃል ላኪላት፤ የአንቺን ምርቃት እንደምትጠብቅ አልነገረችኝም፣ ግን አውቃለሁ።

ሐሩንን በአክብሮት እጅ ነሥቶዎታል በይልኝ። ለልጅሽ ለዓሊና ለሚስቱ ሰላም በይልኝ፤ ነስራን ግንባሯን ሳሚልኝ፣ በንባቧም በርቺ በያት፤ ትንሹ ሱሌይማን የላክሁለት ጫማ ከጠበበው ለወንድሙ ይስጥ፣ ሌላ እልክለታለሁ። ጉልባኑም ሰላም ብላሻለች፤ ናስርና ቤተሰቡ፣ ሱረያም እጅሽን ይስማሉ። ናስር ትላንት ፍራሽ አምጥቶልኝ እየተነጫነጨ ሄዷል።

መልስሽን ለምትልኪበት ሰው አል ኹድ ሂድ እንዳትይው። ሙትራህ በይው፤ በሩን እኔው እከፍትለታለሁ።

ወንድምሽ ኸልፋን
ሙትራህ፣ ረጀብ 9 ቀን 1446